«እናታችን ሞታለች ብለሽ ጻፊልኝ»

ከጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እኅት የሚከተለውን ጽፈውልናል። ታናሽ ወንድማቸው በ2006 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ብሪታንያ ሄደ፤ ትምህርቱን ሲጨርስ ቪዛው አለቀበትና ሳይመለስ እዚያው በርሚንግሃም ቀረ። እንደ እሱ ወረቀት ከሌላት ኢትዮጵያዊት ጋር ትዳር ይዞ ሴት ልጅ ወልዷል፤ ልጅቱም አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ስልክ ደውሎ፣ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ በሰብዓዊ መብት ኬዝ ሊያስገባለት እንደተስማማና ለዚህም ከጅማ ሁለት ወረቀት እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። አንደኛው እናታቸው መሞታቸውንና በኢትዮጵያ ዘመድ የሚባል እንዳልቀረው የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ ሁለተኛው ፖሊስ እንደሚፈልገው የሚያሳይ መጥሪያ ነው። ሰውዬው 4,000 ፓውንድ ስለጠየቀ፣ ቤተሰቡ አጋሮ ያለውን ቡና ገና ሳይለቀም ለነጋዴ አስቀድሞ ለመሸጥ እየመከረ ነው። እኅታችን «በሕይወት ያለችን እናት ሞታለች ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? ባልጽፍስ ወንድሜን የማስባርረው እኔ ልሆን ነው?» ይላሉ። እናታቸው በበኩላቸው የልጃቸውን ዓይን ሳያዩ እንዳይሞቱ ይሰጋሉ፤ እሱ መምጣት ባይችል እንኳ የልጅ ልጃቸው ለጥቂት ዓመታት እሳቸው ዘንድ ጅማ እንድታድግ ይመኛሉ።

ውድ እኅታችን፣ የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ። ያንን ደብዳቤ ባለመጻፍዎ ወንድምዎን አያስባርሩትም። ወንድምዎ እውነተኛና ክብደት ያለው መከራከሪያ አለው፤ ደላላው የጠየቃቸው ሁለት ወረቀቶች ግን ያንን መከራከሪያ ሊያበላሹበት ይችላሉ። እኔ የብሪታንያ ጠበቃ ስላልሆንሁ የምነግርዎ ሕጉ በጠቅላላው እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ የወንድምዎን ጉዳይ በዝርዝር ማየት ያለበት ከታች የምጠቅሰው ዓይነት ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው።

«የሰብዓዊ መብት ኬዝ» የሚባለው ነገር መሠረቱ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት ነው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ሮም ላይ ተፈረመ፤ ብሪታንያም በ1998 አዋጅ አውጥታ ከጥቅምት 2000 ጀምሮ በራሷ ፍርድ ቤቶች እንዲጠየቅበት አድርጋለች። ለመኖሪያ ፈቃድ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንቀጽ 3 ሰው ለስቃይ ወይም ኢሰብአዊና አዋራጅ ለሆነ አያያዝ ተላልፎ እንዳይሰጥ የሚከለክል ነው፤ ምንም ዓይነት የመንግሥት ጥቅም አይመዘንበትም። አንቀጽ 8 የግልና የቤተሰብ ሕይወት እንዲከበር ያዛል፤ ይህ ግን ሚዛን ላይ የሚወጣ መብት ነው። በአንደኛው ወገን ሰውየው በዚያ አገር የመሠረተው ትዳር፣ ልጅ፣ ጉርብትናና ወዳጅነት ይቀመጣል፤ በሌላው ወገን መንግሥት የኢሚግሬሽን ሕጉን ለማስከበር ያለው ጥቅም ይቀመጣል። ደግሞም ሚዛኑ በወንድምዎ ዓይነት ሰው ላይ ከጅምሩ ያዘነበለ መሆኑን መደበቅ አይገባኝም፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በብሪታንያ ሕግ ውስጥ በተጨመረ ድንጋጌ መሠረት፣ አንድ ሰው ያለ ፈቃድ በኖረባቸው ዓመታት ለመሠረተው የግል ሕይወት ዳኞች አነስተኛ ክብደት እንዲሰጡ ታዘዋል። ስለዚህ «አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ለምጄዋለሁ» ማለት ብቻውን ብዙ አያራምድም። በቆይታ ዘመን ብቻ የሚጠየቀው ፈቃድ ሃያ ዓመት ሙሉ ይፈልጋል፤ እሱ ገና ስምንት ዓመት ያህል ይቀረዋል።

ደላላው የመረጠው መንገድ ሌላ ነው። ደንቡ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላውም ሰው ቢሆን፣ ወደ አገሩ ቢመለስ ከኅብረተሰቡ ጋር ተቀላቅሎ ለመኖር እጅግ ከባድ መሰናክል የሚገጥመው መሆኑን ካስረዳ ፈቃድ ሊያገኝ እንደሚችል ይናገራል። «እናቴ ሞታለች፣ ማንም የለኝም» የሚለው ታሪክ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ነገር ግን የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 በሰጠው ውሳኔ ይህ ነገር በሰፊው መመዘን እንዳለበት አስረድቷል፤ ጥያቄው ሰውየው የዚያን ማኅበረሰብ አኗኗር እንደ ቤተኛ ያውቀዋል ወይ፣ ተቀባይነት አግኝቶ በዕለት ተዕለት ኑሮው ሊሳተፍና ተገቢ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከሰዎች ጋር ግንኙነት ሊመሠርት ይችላል ወይ የሚል ነው። ወንድምዎ ጅማ ተወልዶ አድጎ፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን እዚሁ ተምሮ፣ ኦሮምኛም አማርኛም አቀላጥፎ የሚናገር ጎልማሳ ነው። እናቱም ዘመዱም ባይኖሩ እንኳ ለጅማ ባይተዋር ነው ብሎ ዳኛ ማሳመን እጅግ ያስቸግራል። ደላላው እናትዎን በቁማቸው የሚቀብራቸው እንግዲህ ለማይረባ መከራከሪያ ነው።

ጉዳቱ ግን በዚህ አይቆምም። ወንድምዎ በ2006 ዓ.ም. ለተማሪ ቪዛ ሲያመለክት የሞላው ቅጽ በብሪታንያ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እጅ አለ፤ እዚያ የቤተሰቡን ሁኔታ ጽፏል። ለእናቱ በየጊዜው ገንዘብ ይልክ እንደነበር በደብዳቤዎ ነግረውኛል፤ ያ ሁሉ በባንክና በገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቶች መዝገብ ላይ የእናትዎ ስም ተጽፎበት ተቀምጧል። በማመልከቻው ሂደት ደግሞ የባንክ መግለጫ መቅረቡ አይቀርም። «እናቴ ሞታለች» ያለ ሰው ለሟች እናቱ ባለፈው ወር ገንዘብ ሲልክ ከተገኘ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ የሚናገረውን እውነት ማን ያምነዋል? በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ከሁሉ ይልቅ ዋጋ ያለው የአመልካቹ ተዓማኒነት ነው፤ አንዴ ከተሰበረ የሚጠግነው የለም። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ በራሱ ማመልከቻውን ሊያስጥል የሚችል ምክንያት ከመሆኑም ሌላ፣ በማታለል ፈቃድ ለማግኘት መሞከር በብሪታንያ ሕግ ወንጀል ነው። የፖሊስ መጥሪያ አስመስሎ ማሠራትም በእኛው ሕግ ወንጀል ነው፤ ጅማ ላይ ተጠያቂ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት።

ስለ መጥሪያው አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በአገራችን የሚያስፈራ ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ በእውነት የሚፈለጉ፣ በእውነት የተሰደዱ ወገኖች አሉን። ወንድምዎ ቢመለስ ይደርስብኛል ብሎ ከልቡ የሚፈራው ነገር ካለ፣ ያንን ያለ ምንም ቅመም ለባለሙያው መንገር አለበት፤ መንገዱም በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መሠረት ጥገኝነት መጠየቅ ነው፤ ለዚያ የማመልከቻ ክፍያ አይጠየቅበትም። ከሌለ ግን ሐሰተኛ መጥሪያ የሚጎዳው እሱን ብቻ አይደለም። ከዚህ አገር የሚሄድ እያንዳንዱ የተፈበረከ ወረቀት፣ ነገ እውነተኛ መጥሪያ ይዞ የሚቀርበውን ሰው በጥርጣሬ ዓይን ያስታያል። ይህ ነገር ዘወትር ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እሱም ልጅቱ ናት። በብሪታንያ ደንብ አንድ ልጅ በአገሪቱ ሰባት ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረ፣ ከአገር እንዲወጣ መጠበቅ ተገቢ ካልሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ሊሰጠው ይችላል። ሕጉም፣ ከእንዲህ ዓይነት ልጅ ጋር እውነተኛ የወላጅነት ግንኙነት ያለውን ሰው በሚመለከት፣ ልጁ ከአገር እንዲወጣ መጠበቅ ተገቢ ካልሆነ የሕዝብ ጥቅም ወላጁ እንዲባረር አይጠይቅም ይላል። ይህ ድንጋጌ ቀደም ብዬ ከጠቀስሁት «አነስተኛ ክብደት» ከሚለው ሐሳብ ጎን ለጎን በዚያው በ2014 የገባ ነው። የወንድምዎ ልጅ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። እንግዲህ ወንድምዎ የሚያስፈልገውን እጅግ ጠንካራ ማስረጃ በየማለዳው እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ኖሯል፤ ደላላው ግን ስለ እሷ አንድም ቃል እንዳልጠየቀው ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ።

የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ታንዛኒያዊት እናትን በሚመለከት በሰጠው ውሳኔ የልጆች ጥቅም ቀዳሚ ግምት ሊሰጠው እንደሚገባ፣ ልጆችም በወላጆቻቸው ጥፋት ሊወቀሱ እንደማይገባ ተናግሯል። ይህ በጣም የሚያጽናና ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2018 ያው ፍርድ ቤት ሌላ ነገር ጨምሮበታል፤ የወላጆቹ ጥፋት በልጁ ላይ ባይቆጠርም፣ ዳኛው ነገሩን የሚያየው በገሃዱ ዓለም ባለው ሁኔታ ነው። ሁለቱም ወላጆች በአገሪቱ የመኖር መብት ከሌላቸው፣ ልጁ ወላጆቹን ተከትሎ መሄዱ የተፈጥሮ ነገር ነው ተብሎ ይነሣል፤ ከዚያም «ልጁ ወደዚያ አገር ቢሄድ ምን ይጠብቀዋል?» ተብሎ ይጠየቃል። የወንድምዎ ሚስት ወረቀት ቢኖራት ኖሮ ክርክሩ ይቀል ነበር። የላትምና ውጤቱ እርግጠኛ ነው ብሎ ለማንም ቃል መግባት አይቻልም፤ «መቶ በመቶ» የሚልዎትን ሰው አይመኑ።

እርስዎ የሚያስፈልጉትም እዚህ ላይ ነው። ልጅቱ ጅማ ብትመጣ ምን ይጠብቃታል ለሚለው ጥያቄ ከእርስዎ የተሻለ ምስክር የለም። ስለዚህ ደብዳቤ ይጻፉ፤ የሚጽፉት ግን እውነቱን ይሁን። በመልእክትዎ ውስጥ ሳያስቡት ያሰፈሩት አንድ ነገር ልቤን ነክቶታል፤ ልጅቱ ከአያቷ ጋር በስልክ ስትነጋገር ከ«አኮ» (በኦሮምኛ «አያት») በቀር የምታውቀው ቃል ስለሌለ፣ አባቷ ከመካከል ሆኖ እያስተረጎመ እንደሚያገናኛቸው ጽፈዋል። ይህን እንዳለ ይጻፉት። ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ፣ ማን ማን እንደሚኖርበት፣ እናትዎ ስንት ዓመታቸው እንደሆነና ጤናቸው እንዴት እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ኑሮውን በምን እንደሚገፋ፣ ወንድምዎ ቢመለስ ሦስት ሰው ማን ሊያስጠጋ እንደሚችልና ለምን ያህል ጊዜ፣ በአካባቢው ያሉት ትምህርት ቤቶች በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምሩና በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ክፍያው ስንት እንደሆነ ይግለጹ። የሚረዳው ብቻ ሳይሆን የማይረዳውም ቢሆን እውነት ከሆነ አይደብቁት፤ እናቱ በሕይወት አሉ፣ ይወዱታል፣ በራቸው ክፍት ነው። ይህ ሁሉ በመጻፉ ብቻ የስምንት ዓመቷ ልጅ ጉዳይ አይወድቅም። ልጅቱ ማንበብ የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጓደኞቿ፣ መምህሮቿ፣ ሐኪሟ ያሉት እዚያ ነው። ጅማን ያየችው በፎቶግራፍ ነው።

ደብዳቤውን በሚቀልዎ ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ በራስዎ አነጋገር ይጻፉት። ደላላው የላከልዎትን ረቂቅ አይገልብጡ፤ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ ቃል ወዲያው ይታወቃል። ቀን ይጻፉበት፣ ይፈርሙበት፣ የመታወቂያዎን ቅጂ ያያይዙ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ያስተርጉሙት፤ ተርጓሚው ትርጉሙ ትክክል መሆኑን አረጋግጦ ሙሉ ስሙን፣ ቀኑን፣ ፊርማውንና አድራሻውን ማስፈር አለበት። ወንድምዎ በበኩሉ ስለ ልጅቱ ትምህርት ቤቷ፣ ሐኪሟ፣ የሚያውቋቸው ጎረቤቶች የሚጽፉትን ደብዳቤ፣ ከልደቷ ጀምሮ ያለውን የክትባትና የትምህርት መዝገብ ያሰባስብ። እያንዳንዱ ዓመት በማስረጃ መሸፈን አለበት፤ ሰባቱ ዓመት በቃል ብቻ አይቆጠርም።

የእናትዎን ምኞት በሚመለከት የምናገረው ያሳዝናቸዋል፤ ቢሆንም ሳይባል መቅረት የለበትም። ልጅቱ በምንም ዓይነት ወደ ጅማ እንዳትላክ። ልጅን ለአያት ልኮ ማሳደግ በእኛ ዘንድ የተለመደና የተወደደ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ያለ ፈቃድ ያለች ልጅ ከብሪታንያ ከወጣች መመለሻ የላትም፤ የሰባቱ ዓመት ቆጠራም ይቋረጣል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በብሪታንያ የዜግነት ሕግ፣ እዚያው የተወለደ ልጅ የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት እዚያው ከኖረ፣ የወላጆቹ ወረቀት ምንም ይሁን ምን፣ እንደ ብሪታንያ ዜጋ እንዲመዘገብ መጠየቅ ይችላል፤ በመሠረቱ የሚፈለገው በእያንዳንዱ ዓመት ከዘጠና ቀን በላይ ከአገር አለመውጣቱ ነው። ልጅቱ ለዚያ የቀራት ሁለት ዓመት ነው። ይህን መብት አንድ አውሮፕላን ትኬት ሊያሳጣት ይችላል። የዜግነት ነገር ሲነሣ ግን ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት እንደማትፈቅድ ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢያውቀው መልካም ነው።

ስለ ገንዘቡ። የቡናውን ሽያጭ እባክዎ ያቁሙት። ማመልከቻው በእርግጥ ውድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ከሚከፈለው ከአንድ ሺህ ፓውንድ በላይ ከሆነ የማመልከቻ ክፍያ ሌላ፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ የተተመነው የጤና ክፍያ ለአዋቂ በዓመት 1,035፣ ለልጅ 776 ፓውንድ ነው። ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ተኩል ስለሚሰጥ፣ ለሦስቱ ሰዎች የጤናው ብቻ ከ7,000 ፓውንድ ያልፋል። ደላላው ይህን ሳይነግራችሁ 4,000 ፓውንድ ለራሱ ጠይቋል። ነገር ግን በሰብዓዊ መብት ላይ የተመሠረተ ማመልከቻ የሚያቀርብና የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ከሁለቱም ክፍያዎች ነፃ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ከማመልከቻው አስቀድሞ ይቀርባል፤ የገቢና የወጪ መግለጫ፣ የስድስት ወር ያህል የባንክ ዝርዝር፣ የቤት ኪራይ ማስረጃ ይፈለጋል። ከጅማ ያለ ዕቅድ የተላከ ትልቅ ገንዘብ በሒሳቡ ላይ ቢታይ «አቅም የለኝም» የሚለውን ቃሉን ሊያዳክምበት እንደሚችልም ያስቡ።

ባለሙያን በሚመለከት፣ በብሪታንያ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት እንደ ሱቅ ማንም ከፍቶ የሚሠራው ሥራ አይደለም። ከጠበቆች በቀር፣ ምክር የሚሰጥ ሰው በመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ያ መሥሪያ ቤት የኢሚግሬሽን ምክር ባለሥልጣን በሚል ስም ይጠራል። ሳይመዘገቡ መሥራት ወንጀል ነው፤ የተመዘገቡትም ስም ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ነው። ወንድምዎ ሰውዬውን የምዝገባ ቁጥሩን ይጠይቀው። ካልሰጠው፣ ፓስፖርቱንና የልጅቱን የልደት ምስክር ወረቀት ሰጥቶት ከሆነ ዛሬውኑ ይውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2013 አብዛኛው የኢሚግሬሽን ጉዳይ ከነፃ የሕግ ድጋፍ የወጣ ቢሆንም፣ ሰብዓዊ መብቱ አደጋ ላይ ለወደቀ ሰው በልዩ ሁኔታ የሚፈቀድ ድጋፍ አለ፤ በነፃ የሚሠሩ የምክር ማዕከላትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም አሉ። የትኛው ቅጽ ይሞላ፣ ልጅቱ በስሟ ለብቻዋ ታመልክት ወይስ ከወላጆቿ ጋር፣ አሁን ወይስ አሥር ዓመት ሲሞላት የሚለውን የሚወስነው እንዲህ ያለው ባለሙያ ነው፤ ደንቦቹ በየጊዜው ስለሚለወጡም የዛሬ ሁለት ዓመት የጓደኛው ጉዳይ እንዴት እንደተሳካ ለእሱ መመሪያ አይሆነውም። ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግ፣ በአብዛኛው ለፍርድ አካል ይግባኝ የማለት መብት አለው፤ ጊዜው ግን ውሳኔው ከተላከበት ቀን አንሥቶ 14 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ የሚደርሰው አድራሻ ትክክል መሆኑን ያረጋግጥ፤ ቤት ከለወጠ ያስታውቅ።

እናትዎ ደግሞ። ማመልከቻው ሳይወሰን ወንድምዎ ከብሪታንያ ቢወጣ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አሁን ሊጠይቃቸው አይችልም፤ ለምን እንደሆነም እርስዎ በእርጋታ ያስረዷቸው። ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ግን ፈቃዱ እስካለ ድረስ ጅማ መጥቶ መመለስ ይችላል። እስከዚያ ድረስ የሚያደርጉት ነገር እንዲኖራቸው እንዲህ ያድርጉ፤ የራስዎን ደብዳቤ ሲያዘጋጁ አጠገባቸው ተቀምጠው እሳቸው የሚሉትንም በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፉላቸው። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ልጃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩበትን ቀን፣ የልጅ ልጃቸውን በስልክ ሲሰሟት ምን እንደሚሰማቸውና ምን ያህል እንደሚግባቡ በራሳቸው ቃል ይናገሩ። ተነቦላቸው ትክክል ነው ካሉ፣ መጻፍ የማይችሉ ከሆነ በሁለት ምስክሮች ፊት ጣታቸውን ያትሙበት። ከእርስዎ ደብዳቤ ጋር አብሮ ይተርጎምና ይላክ።